58 ልጅ፣ 3 የብየዳ ማሽን። ክፍሉን እንዴት ልያዘው?

ቁራጭ_ኤሌክትሮድ · ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ልጻፍ አልኩ።

የብረታ ብረት አሰልጣኝ ነኝ፣ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። የምሠራው ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ ኮሌጅ ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቅር። ዘንድሮ ደረጃ 2 አንድ ክፍል ተሰጠኝ፣ 58 ልጅ። ማሽን አራት አለ ይባላል። አንዱን ከመጣሁ ጀምሮ ሆዱ ተከፍቶ ነው የማውቀው። ሦስቱ ይሠራሉ፣ ከነሱም አንዱ ሲሞቀው ብሬከር ይጥላል። የፊት ማስክ 7፣ ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዘው) 6። ኤሌክትሮድ፣ ያ እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ፣ ከስቶር በፓኮ ሳይሆን በፍሬ ቆጥሬ ነው የምፈርመው።

የዛሬውን ልንገራችሁ። ኤሌክትሮድ ለማውጣት ስቶር ሄድኩ። ስቶር ኪፐሩ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩት። ስመለስ የወርክሾፑ በር አልከፈት አለ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማኛል። ለካ መቀርቀሪያውን ከነማቀፊያው በይደውታል! 58 ልጅ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። በመስኮት እየለመንኳቸው ሳለ ዲኑ በዚያ በኩል አለፉ። ምንም አላሉም፣ ቆመው አዩኝና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በጣም የሚያናድደው ደግሞ ብየዳው ንጹህ ነው። እኔ ፊት እንዲህ የበየደ ልጅ እስከዛሬ አላየሁም።

ስም ጠርቼ እስክጨርስ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ስጮህ ሙድ ይይዙብኛል። ድምፄ እንኳ ተዘግቷል። ምን ላድርግ?

መርፌና_ክር · ማክሰኞ ማታ 3:15

አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ይቅርታ።

እኔ የልብስ ስፌት አሰልጣኝ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሦስቱ ሲበይዱ 55ቱ ምን እየሠሩ ነው?

ቁራጭ_ኤሌክትሮድ · ማክሰኞ ማታ 3:22

እያዩ ነው። ማለት... ማየት ነበረባቸው። ግማሹ ስልክ ላይ ነው፣ ግማሹ ይገፋፋል። ኖት እንዲገለብጡ ቲቲኤልኤሙን (የማሰልጠኛ ጽሑፉን) ሰጥቻቸው ነበር። አንዱ ገጹን ቀዶ አውሮፕላን ሠራበት።

መርፌና_ክር · ማክሰኞ ማታ 3:50

እንግዲህ አስላው። የሦስት ሰዓት ፕራክቲካል 180 ደቂቃ ነው። ሦስቱም ማሽን ሳይቆም ቢሠራልህ 540 ደቂቃ። ለ58 ሲካፈል ለአንድ ልጅ ዘጠኝ ደቂቃ ከምናምን ይደርሰዋል። ለዘጠኝ ደቂቃ ብሎ ሦስት ሰዓት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ማን ነው? አንተ ራስህ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሩብ ሰዓት ስትቆም ምን እንደምትል ታውቀዋለህ። ልጆችህ ጨዋ ናቸው አላልኩም። ጩኸቱ ግን የወረፋ ጩኸት ነው።

የእኔን ልንገርህ። 46 ናቸው። ማሽን 9 አለኝ፣ የሚሰፋው 6። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨርቅ አላስነካም። ክር የሌለው መርፌ ገብቶ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ መስመር መስመሩን ይሰፋሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱታል። መርፌው የት ቦታ ከመስመር እንደወጣ ቀዳዳው ራሱ ይናገራል። እኔ አልናገርም። ጨርቅ አይባክን፣ ክር አይባክን። ማሽን ያልደረሳቸው በአሮጌ ጋዜጣ ፓተርን ይቆርጣሉ፣ ሌሎቹ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ሌሎቹ የተበላሸ ስፌት ይተረትራሉ። መተርተር እንዴት እንደሚያስተምር አትጠይቀኝ፣ አንድ ቀን እዚህ ራሱን የቻለ ርዕስ እከፍትበታለሁ።

ብየዳ ላይ ወረቀቱ ምንድነው? እሱን ፈልግ።

ጋሽ_ሞረድ · ረቡዕ ጠዋት 1:10

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። በሩ የተበየደበትን ነገር ግን እንደ ቀልድ አላየሁትም። በዚያ ሰዓት ኬብል ቢቃጠል፣ ቀለም የነካ ጨርቅ ቢይዘው ምን ትሆን ነበር? 58 ነፍስ! ሁለተኛ ሰው ሳይኖር ከወርክሾፕ እንዳትወጣ። ኤሌክትሮዱን ጠዋት ከማንም በፊት አውጣ። ከወጣህም ዋናውን ማብሪያ ዝጋና ሄድ በል።

ሌላው ዓይናቸው ነው። 55 ልጅ ዙሪያውን ቆሞ ያያል አልክ። በምን ያያል? ማስክህ ሰባት ነው። የአርክ፣ የብየዳው ብልጭታ፣ ብርሃን በያጁን ብቻ አይመታም፣ አጠገቡ የቆመውንም ይመታል። ቀን አይታወቀውም። ማታ ሲተኛ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለዋል። እናቱ ድንች ከትፋ ታስቀምጥለታለች፣ በነጋታው ይቀራል። አንተ ደግሞ ቀሪ ብለህ ትጽፈዋለህ። ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት ያልያዘ ልጅ ወደ ማሽኑ አይጠጋ። በኖራ መስመር አስምርበት፣ አሮጌ ሸራ ጋርድበት።

በእኛ ጊዜ ማሽን የሚባል ነገር የሚነካው ከስንት ወር በኋላ ነበር። መጀመሪያ ሞረድ። አንዲት ቁራጭ ብረት ሞርሳ ላይ አስረህ ጠርዟ ልክ እስኪሆን ትሞርዳለህ። ስኳድራውን (የማዕዘን መለኪያውን) ደግፈህ ወደ ብርሃን ታነሳዋለህ፣ በመሃል ብርሃን ካለፈ እንደገና። መምህራችን አይጮሁም ነበር። ብረቱን አይተው መልሰው እጅህ ላይ ያስቀምጡታል፣ በቃ። አንዴ አሥራ አንድ ጊዜ መልሰውልኛል።

ዕቃ ሲሰጥም በቆርቆሮ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩ የተመታበት ክብ ቆርቆሮ አለው። መዶሻ ስትወስድ ቆርቆሮህን መዶሻው የነበረበት ሚስማር ላይ ትሰቅላለህ። ሲወጣ ሰሌዳው ላይ ቆርቆሮ ከቀረ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ስም መጥራትም አያስፈልግም፣ ያልተነሳው ቆርቆሮ ቀሪ ነው።

ቁራጭ_ኤሌክትሮድ · ረቡዕ ጠዋት 1:35

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዓይኑን ነገር ሲያነሱ አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች «ዓይናችንን አሞን ነው» ብለው ቀርተው ነበር፣ ሰበብ መስሎኝ ነበር።

አምስቱ_ማ · ረቡዕ ቀን 7:00

ካይዘን (የሥራ ቦታ አደረጃጀት) ስልጠና ወስደህ የለ? ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በዚያው አደራጃቸው። በአንድ ለአምስት ክፈላቸው፣ ጎበዙን መሪ አድርግ፣ ሪፖርቱን ከመሪው ተቀበል። እኛ ጋ በደንብ ሠርቷል።

ሰጌቶ · ረቡዕ ቀን 7:20

አቦ አንድ ለአምስትን አታንሱብን። ስሙን ሲሰሙ ልጆቹ ገና ከመነሻው ይዘጋሉ፣ ታላላቆቻቸው ስለ ስብሰባው ነግረዋቸዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «ማጣራት» ደግሞ እኛም ጋ አለ። ሥሩ የተከመረውን ብታየው ፖስተሩ ራሱ መጣራት ነበረበት።

ከምሬ ግን፣ ጎበዙን መሪ ማድረግ ስህተት ነው። ጎበዙ ማሽኑን ይይዝና ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ሲኦሲ (የብቃት ምዘናው) ሲመጣ እሱ ብቻ ያልፋል። ኃላፊነቱ ይዙር። የዛሬው ዕቃ ተረካቢ ነገ በያጅ፣ ከነገ ወዲያ ተመልካች ይሁን።

አምስቱ_ማ · ረቡዕ ቀን 7:45

ስሙን ተውት፣ መከፋፈሉን ነው ያልኩት። የማዞሩን ነገር ግን እቀበላለሁ።

የምናለሽ_ተራ_ደንበኛ · ረቡዕ ማታ 1:30

ስለ ማቴሪያል ማንም አላወራም። ግዥ ጠብቆ ማስተማር አይቻልም። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የጠየቅከው ኤሌክትሮድ ሰኔ 25 ይመጣል፣ ልጆቹ ደግሞ ሄደዋል። ሁላችንም እናውቀዋለን።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ቁርጥራጭ ላሜራና ቱቦላሬ በኪሎ አመጣለሁ። ክፍለ ሀገር ያለህ ደግሞ በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ሂድ። ከጠረጴዛቸው ሥር የወደቀውን ለምናቸው፣ አብዛኞቹ አይከለክሉህም። ቁራጩ አጭር ነው ብለህ አትናቀው። የአሥር ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ለጀማሪ ይበቃዋል። በአንዱ ፊት ከበየደበት በኋላ ገልብጦ በሌላው፣ ከዚያ ጥንዱን ገጥሞ፣ ከዚያ በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ቆርጦ ውስጡን ያያል። አንድ ቁራጭ አራት ሥራ።

እዚያው ሄደህ የተበላሸ ብየዳም ለምን። ቀዳዳ የበዛበት፣ ጠርዙ የተበላ፣ ስላግ (ብየዳው ላይ የሚጋገረው ቅርፊት) የቀረበት። ሰብስበህ ቁጥር ስጣቸውና ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸው። «3 ቁጥር ምን ነክቶት ነው?» በል። ያለ መብራት፣ ያለ ማሽን አንድ ሰዓት ይከራከራሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር የማወጣው እሱን ነው።

ወድቄ_የመጣሁ · ረቡዕ ማታ 4:05

ቲቸር፣ እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ሰልጣኝ ነበርኩ። በሩን የበየዱት ዓይነት ነበርኩ ብል ይቀላል።

የ2014 ተፈታኝ ነኝ። ያኔ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሪሚዲያልም አልደረሰኝም። ስለዚህ ኮሌጅ ገባሁ። ሰፈር ውስጥ «የት ገባህ?» ሲሉኝ «እየተማርኩ ነው» ብዬ ነበር የማልፈው። ቱታውን በፌስታል ይዤ ሄጄ እዚያ ነበር የምለብሰው። ክፍላችን ውስጥ ወድጄ መጣሁ የሚል ካለ ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። መምህሩ መጀመሪያ ቀን «እናንተ ፈተና የጣላችሁ ናችሁ፣ ቢያንስ እጃችሁን ተጠቀሙ» አለን። ለማበረታታት ነው መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሰውዬ ማብሸቅ ሥራችን ሆነ።

እህቴ መርፌና ክር ወረፋ ነው ያለችው እውነት ነው፣ ግን ወረፋ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ አሰልጣኝ መጡ። አጠገባችን ካለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሰባበረ ዴስክ አስጭነው አመጡ። እግሩ የተሰበረ፣ ብየዳው የለቀቀ። ለሁለት ሁለታችን አንድ ዴስክ። «ልጅ ይቀመጥበታል» አሉ፣ ሌላ ንግግር የለም። የሠራሁትን ዴስክ ሲመልሱ አብሬ ሄድኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወዲያው ተቀመጠችበትና ወዘወዘችው። ላቤ መጣ። አልተነቃነቀም።

ቱታውን በፌስታል መያዝ መቼ እንደተውኩ አላስታውስም።

ሰጌቶ · ረቡዕ ማታ 4:20

«ቢያንስ እጃችሁን ተጠቀሙ»... እኔም ብያለሁ መሰለኝ። ኧረ እግዚኦ።

ሜታልባወር_ፍራንክፈርት · ሐሙስ ቀን 9:10

ሰላም ከጀርመን። እኔ እዚህ አውስቢልዱንግ (የሙያ ስልጠና) ጨርሻለሁ፣ በብረታ ብረት፣ ሦስት ዓመት ተኩል። እዚህ ልጁ መጀመሪያ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፣ በየወሩ ይከፈለዋል። ትምህርት ቤት የሚሄደው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ማሽኑን የሚለማመደው ድርጅቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ 58 ልጅ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የሚባል ነገር አይፈጠርም። ልጆቹን ወደ ድርጅት ብትልካቸው ይሻላል።

መርፌና_ክር · ሐሙስ ቀን 9:40

ወንድሜ፣ የትብብር ስልጠና እኛም ጋ አለ። ወረቀቱ ላይ 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ ይላል። ችግሩ ድርጅቱ የት አለ ነው። በእኔ ከተማ ከሦስት ማሽን በላይ ያለው ስፌት ቤት በጣት ይቆጠራል። የላክኳቸው ልጆች ለሁለት ሳምንት ቤት ጠርገው፣ ሻይ ተልከው ተመለሱ።

ሜታልባወር_ፍራንክፈርት · ሐሙስ ቀን 10:05

እውነትሽን ነው እህቴ። ለነገሩ እኔም መጀመሪያ ዓመት ብዙ ጠርጌያለሁ።

ቁራጭ_ኤሌክትሮድ · ሐሙስ ማታ 2:15

ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ታየኝ። ሁሉንም መላክ አልችልም። ከተማችን ግን በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ሞልተዋል። እያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ቢይዝ፣ ግማሹን ክፍል በየሳምንቱ እያፈራረቅኩ ብልክ ወርክሾፕ የሚቀርልኝ 29 ነው። 540 ለ29፣ ከ18 ደቂቃ በላይ። እጥፍ ማለት ነው፣ ያለ አንድ ተጨማሪ ማሽን።

ነገ ዲኑን አነጋግራለሁ። ካናገሩኝ።

ጋሽ_ሞረድ · ሐሙስ ማታ 2:50

ጥሩ አስበሃል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ልጁ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ይጻፍበት። በየሳምንቱም በእግርህ ዞረህ እያቸው። ባለቤቱ አንተን ካላየ መጥረጊያ ነው የሚሰጣቸው።

ቁራጭ_ኤሌክትሮድ · ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን 8:30

ተመልሼ መጣሁ። ጠፋሁ ያላችሁኝ አላችሁ፣ ደክሞኝ ነው።

ዲኑ ፈቀዱ። ደብዳቤውን ሲፈርሙ «በሩስ?» አሉኝ ብቻ። 11 ቤት ነው ያገኘሁት፣ 24 ልጅ ያዙልኝ። ስለዚህ 29 ሳይሆን 34 ነው ወርክሾፕ የሚውለው። ከ11ዱ አራቱ በደንብ ያሠራሉ፣ ሁለቱ ያስጠርጋሉ። አንዱ ጋ ከባለቤቱ ጋር ተጣላሁና ልጆቹን አወጣሁ። የቀሩት መሃል ላይ ናቸው።

ወርክሾፑን እንዲህ አደረግኩት። በማሽኑ ዙሪያ በኖራ አስምሬ ሸራ ጋረድኩ። ከሸራው ውስጥ ስድስት ልጅ ብቻ ይገባል። ሦስቱ ይበይዳሉ፣ ሦስቱ ማስክ አድርገው ያያሉ። ሰባተኛው ማስክ የእኔ ነው። ማስኩ ሲያንሰኝ የኖረ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልኬ ነው። የሚያየው ልጅ ካርቶን ላይ አራት ነገር ይጽፋል፦ ርቀቱ፣ ማዘንበሉ፣ ፍጥነቱ፣ ስላጉ ተጠርጓል ወይ። ከዚያ ይቀያየራሉ። ጓደኛውን ሲተች የነበረ ልጅ ራሱ ሲበይድ እንዴት እንደሚጠነቀቅ!

የመርፌና ክር ወረቀት ደግሞ ጠመኔ ሆነ። ያ ሆዱ የተከፈተው ማሽን የኤሌክትሮድ መያዣው ደህና ነበር። ፈትቼ አወጣሁት፣ ከግቢው ሌላ ሁለት ያረጀ አገኘሁ። በኤሌክትሮድ ፋንታ ጠመኔ ይይዛል። ልጁ ላሜራ ላይ በተሰመረ መስመር ሳይቆም፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይጎትታል። ጠመኔው እያለቀ ሲሄድ እጁን ዝቅ ማድረግ አለበት፣ ልክ እንደ ኤሌክትሮዱ። የተንቀጠቀጠ እጅ ላሜራው ላይ ፊርማውን ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ «ቲቸር ኬጂ መለሱን» ብለው። አሁን ሰው ሳያይ ሲለማመዱ እይዛቸዋለሁ። አርክ ሲለኩስ ኤሌክትሮድ የሚያጣብቅብኝ ልጅ ቀንሷል። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፔር እንዲያደርጉ ማሽኑ ላይ ቀለም ቀባሁበት፣ ከዚያ ውጭ የሚያዞር የለም። ቢያንስ እኔ ሳይ።

የቀሩት ሞርሳ ላይ ናቸው፣ ወይም የተበላሸ ብየዳ ጠረጴዛው ላይ። ቆርቆሮውን ራሳቸው ቆርጠው ራሳቸው ቁጥር መቱበት። ስም መጥራት ቀረ። ሁለት ልጆች የሌላ ሰው ቆርቆሮ ሲያነሱ ይዣለሁ፣ የሚጠበቅ ነው።

ያልሆነልኝም አለ። ስልክ አሁንም አልቻልኩትም። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ምን እንደሚነካቸው አላውቅም፣ ገበያ ነው የሚመስለው። ሦስት ልጆች ጨርሰው አቋረጡ፣ አንዱ ዓረብ አገር ሊሄድ ነው አሉኝ። ዴስኩን ገና አልጀመርኩም፣ አጠገባችን ያለው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «ንብረት ነው፣ ኮሚቴ ይወስን» ብለውኛል።

ወድቄ_የመጣሁ · ቅዳሜ ቀን 9:00

ቲቸር፣ በሩን የበየደው ማን ነበር?

ቁራጭ_ኤሌክትሮድ · ቅዳሜ ቀን 9:25

አልጠየቅኩም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ሲበይድ አየሁት፣ እጁን አወቅኩት። ከዚያ በር ላይ ያለውን መስመር አስታወሰኝ። ምንም አላልኩትም፣ ያ ሲሞቀው ብሬከር የሚጥለውን ማሽን እንዲያየው ሰጠሁት። ኬብሉ መጋጠሚያው ላይ ላልቶ ነበር፣ አጠበቀው። አሁን ከበፊቱ ይሻላል፣ ግን አሁንም ከሰዓት በኋላ ይጥላል።

ጋሽ_ሞረድ · ቅዳሜ ማታ 1:40

ፋኑን እየው። አቧራ ይዞት ይሆናል። ከመክፈትህ በፊት ግን ከሶኬት ንቀለው።